ከሞላሰስ ኢታኖል፦ እርሾውን የሚጎዱ ስህተቶች

ሞላሰስ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ያለ ቦታው ሲፈስ ጣጣ ነው። ፊንጫና መተሐራ ላይ ግን እርሾ ገብቶበት ኢታኖል ሆኖ ወጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥም ከቤንዚን ጋር መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ተቀላቅሎ መኪና ነድቶበታል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እርሾ ነፍስ ያለው ነገር መሆኑ ሲረሳ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ስስት ነው። የሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነውና ሳያቀጥኑት እርሾ መጨመር ያምራል። ጠጅ ጣይ ግን ይህን አይሳሳትም፤ ማር ካልተበረዘ ዓመት ቢቀመጥም ጠጅ አይሆንም። ወፍራም ስኳር ከእርሾው ሕዋስ ውሃ መጥጦ ያኮማትረዋል። ስለዚህ ሞላሰሱ ስኳሩ 15 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ ድረስ በውሃ ይበረዛል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። እርሾ ስኳር ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል። በጠርሙስ ሲሞከር ሙቀቱ በጎን ስለሚወጣ ማንም ልብ አይለውም። ትልቅ ታንከር ውስጥ ግን መሄጃ ያጣል። 32 ዲግሪ ላይ ደስ ብሎት የሚሠራ እርሾ ወደ 40 ሲጠጋ ይዝላል፤ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ቦታውን ይይዙታል። እንደ መተሐራ ባለ ሞቃት አገር የማቀዝቀዣው ውሃ ራሱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ሲታቀድ ይህ ይታሰብበት።

አየርን ከመነሻው መዝጋትም ስህተት ነው። እርሾ ለመባዛት ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አልኮሉ በብዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ አየሩ ሲያልቅ ነው። ናይትሮጅንም እንዳይረሳ። ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ እዚህም ይገባል።

አጓት ላይ የዳቦ እርሾ ጨምሮ መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ አይበላውም። ለዚያ ክሉይቬሮማይሲስ የሚባል ሌላ የእርሾ ዓይነት አለ።

ሒሳብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 51 ኪሎ ኢታኖል ይገኛል፤ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። አዋጭነቱን ከዚህ በላይ አስልቶ የመጣ ሰው ካለ ወረቀቱን ይመልስ።

በመጨረሻ አተላው አለ። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲጣራ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሊትር በላይ ቡናማ ፍሳሽ ይቀራል። ወንዝ ውስጥ ከገባ ኦክስጅኑን ይጨርስና ዓሣውን ያፍነዋል። ባዮጋዝ ማውጣት ወይም በልክ አቅጥኖ ለሸንኮራ ማሳ መስጠት ይቻላል፤ ብቻ ቦታው መዘጋጀት ያለበት የመጀመሪያው ታንከር ከመሞላቱ በፊት ነው።