የዕቃ ቫን ሹፌሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመርካቶ ጭኖ በየሰፈሩ ሱቅ የሚያከፋፍል ቫን ከታክሲ ቀድሞ ያረጃል። ታክሲ ሰው ሲወርድለት ይቀልለዋል፤ የዕቃ ቫን ግን ጠዋት እስከ ጣሪያው ተሞልቶ ይወጣል፣ በየሱቁ በር ይቆማል ይነሳል፣ ማታ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሰብስቦ ይመለሳል። እየተጎተቱ ወደ ጋራዥ የሚመጡልኝን ቫኖች ሹፌሮች ምን እንደ ነበር ስጠይቃቸው የምሰማው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይህችን ዙር ላድርስና ላሳየው ብዬ ነበር።" ቫኑ ከቀናት በፊት ተናግሯል። ሹፌሩ ደግሞ ባለ ሱቁ ይጠብቀዋል፣ ባለ ንብረቱ ይደውልለታል፣ ደረሰኙ ገና አልተፈረመም።

ከራዲያተር ክዳን እጀምራለሁ፤ ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ እሱ ነውና። ሙቀቱ ከፍ አለ የተባለ ቫን ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ክዳኑን ነው። ወይ ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ወይ ስፕሪንጉ ላልቷል፣ ወይ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር ክዳኑ ጠፍቶበት የራዲያተሩን አፍ በፌስታል ጠቅልሎ በሽቦ ጠፍሮት መጣ። "ውሃ ትንሽ ይጠጣል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም" አለኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሳየሁት፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ከተቀላቀሉ ሰንብተዋል። ልጁ ዘንጉን ከእጄ ተቀብሎ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና መዘዘው። ያው ነው።

ክዳኑ ለብዙ ሰው ውሃ እንዳይፈስ የሚከለክል ቆርቆሮ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ በ90 አካባቢ ይንተከተካል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሞተር እዚያ ሙቀት ላይ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ደህና ክዳን ውስጡን በግፊት አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጂቡቲ ወደብ ላይ በላላ ክዳን ችሎ የሚሠራ መኪና እዚህ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ክዳኑ አናት ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፏል፤ ስትገዙ ለሞተራችሁ የታዘዘውን ቁጥር ግዙ። አፉ ላይ ገጠመ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ የባሰው ጥፋት የክዳኑን ሕመም ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዘውን ቫልቭ፣ በመንቀል ማከም ነው። "ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም" የሚል መካኒክ ዛሬም አለ። የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና ይህ ድንቁርና ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ለመሞቅ ይዘገያል፣ ጭስ ያበዛል፣ ናፍታ ይበላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ሲነቀል ያ መንገድ ክፍት ይቀርና የጋለው ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተነካው ሞተር ዳገት ላይ ይብስበታል። ይህን ስናገር ከንፈራቸውን ሸሸት አድርገው የሚያልፉኝ አሉ፤ በወሩ ቴስታታ ተሸክመው ሲመጡ ግን አይስቁም።

መርፌው ወደ ቀዩ ካመራ ጥግ እስክትይዙ ድረስ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ። ትኩስ ክዳን አትክፈቱ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ።

የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ሲበራ "ባትሪው ደክሟል፣ ማታ አስሞላዋለሁ" ብሎ መንዳትም የተለመደ ነው። በቆዩት የቶዮታ ሃይስ ቫን ናፍታ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 5ኤል በሚባለው፣ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ደግሞ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪው መሞላት ያቆማል፣ ውሃው መዞር ያቆማል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደነድንና በሙሉ ጉልበት ካልሆነ አይዝም። ይህን ሁሉ የሚያስታውቀው ያ አንድ መብራት ነው። ቁሙና ኮፈኑን ከፍታችሁ ቺንጋው በቦታው መኖሩን እዩ።

አሁን ወደ ባሌስትራ፣ ጭነቱን ወደሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች። ቫኑ ኋላው ተቀመጠ ተብሎ አንድ ሁለት ቅጠል ይጨመርለታል፤ ቀና ሲል ባለ ንብረቱ ደስ ይለዋል፣ በማግስቱ አሥር ሳጥን ይጨምራል። ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ፣ ኩሽኔታውና ጎማው አብረው አልጨመሩም። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከቫኑ ሥር ገብታችሁ ከኋላ ብታዩ፣ በብዙ ሃይሶች ላይ ከሻንሲው ወደ ዲፍረንሻሉ የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ታገኛላችሁ። እሱ የኋላ ፍሬን ግፊት መመጠኛ ነው። ጭነት ሲከብድና ኋላው ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ባሌስትራ የተጨመረበት ቫን ሙሉ ጭነት ይዞም ኋላው ቀና እንዳለ ስለሚቀር መመጠኛው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ክብደት የሚያቆመው የፊት ፍሬን ብቻውን ሊሆን ምንም አይቀረው። አንድ ሹፌር የፊት ፍሬን ሸራ በየጊዜው እያለቀበት "ዕቃው ፎርጅድ ነው" እያለ ሻጭ ሲቀይር ከርሟል። የኋላውን ታምቡር ስንከፍተው ሸራው ምንም አልተነካም፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ባሌስትራ ካስጨመራችሁ መመጠኛውን አብራችሁ አስተካክሉ። ከቻላችሁ ደግሞ አታስጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

ፍሬንን ካነሳን፣ ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ ማን እንደ ጀመረው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚወርድ የናፍታ ሞተር ፓምፑ ነዳጁን ስለሚቆርጥበት የሚያቃጥለው የለም፤ የሚቃጠለው ማርሽ አውጥታችሁ ሞተሩ በራሱ ሲንደቀደቅ ነው። ከሱሉልታ የታሸገ ውሃ ጭነው ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርዱ ልጆች ይህን ሁልጊዜ ያደርጉታል። ታች ሲደርሱ ከጎማው የሚወጣው የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ከጎሐጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ግን ሽታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ካለ ፍሬኑም አጋዡን እንዳጣ ይወቀው።

ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ስለደከመ ሞተሩን ማጥፋት ፈርቶ ቀኑን ሙሉ እንደተነሳ የሚያውል፣ ቁልፉን ትቶ ሳጥን ተሸክሞ ሱቅ የሚገባ ሹፌር ብዙ ነው። አሠሩት። የሚቃጠለው ናፍታ ብቻውን የጥገናውን ዋጋ ይመልሳል፤ ስለ ሌባው አልናገርም።

ዳገት ላይ በመንገድ መጨናነቅ ቫኑን በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም፦ የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው።

ነዳጅ ጠፋ ሲባል ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ የገዛችሁ ከሆነ ቢያንስ የናፍታ ፊልትሮውን ከሥር ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ። አዲሶቹ ሞተሮች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ውሃን አይታገሡም፤ የኖዝል (የናፍታ መርጫ) ዋጋቸውንም ባለ ንብረቱ ሲሰማ መጀመሪያ የሚቆጣው በእናንተ ላይ ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ ጉዳይ የሹፌሩ ብቻ ስላልሆነ እዚህ ላይ ባለ ንብረቶችንም እናገራለሁ። እንደ ሞተሩ ዓይነት በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል ይላል መመሪያው። ከውጭ ተጠቅሞ የመጣ ቫን ቆጣሪ የሚለውን ማን ያምናል? ያገለገለ ቫን በተገዛ ሳምንት ቺንጋውን መቀየር ነው፤ ሌላ ሒሳብ የለውም። የታይሚንግ ቺንጋ ማሳሰቢያ መብራቱን አጥፍቶ ቺንጋውን ሳይቀይር የሚያስረክብ ጋራዥም ስላለ የወጣውን አሮጌ ቺንጋ በእጃችሁ ተረከቡ። የታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፣ ሞተሩም ይወርዳል። ሹፌሩ ሲነግራችሁ "ቆይ ይህ ወር ይለፍ" የምትሉ ባለ ንብረቶች፣ ሹፌሩ የነገራችሁን ቀን ጻፉት፤ በኋላ ከደመወዙ ልትቆርጡ ስትነሱ ይጠቅማችኋል።

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። "የሃይስ የፊት ኩሽኔታ" ብሎ በስልክ ማዘዝ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መሄድ ማለት ነው፤ አንድ ስም ያለው ቫን እንደ ዓመቱና እንደ ሞዴሉ ሦስት ዓይነት ኩሽኔታ ሊኖረው ይችላል። ካርቶኑን አትመኑ። ካርቶን ብቻውንም ይሸጣል።

በመጨረሻ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ወይም የተሰበረ የበር ሐዲድ ልታስበይዱ ስትገቡ፣ በያጁ መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ራሳችሁ ንቀሉ። ኮምፒውተር ባለው ሞተር ላይ የብየዳ ኃይል በሽቦው ተመልሶ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ በያጁም "እኔ የነካሁት ብረት ነው" ይላችኋል።