አየር ይታመቃል፣ ውሃ ይገትራል፦ ከመርፌ ሙከራ እስከ መኪና ፍሬን

ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ያቺ ጥቂት አየር ለምን ያን ያህል እንደምታበላሽ በገዛ እጅ ለማየት ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ መርፌ ይበቃል። ከእሱ እንጀምር፤ ፍሬኑ ይደርሳል።

የሚያስፈልገው

20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ መርፌ (ብረቱ ይውለቅና ይጣል)፣ አንድ ላጲስ፣ አንድ የብርጭቆ ብይ፣ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ባለ 10 ሚሊ ሊትር መርፌም ይሠራል፤ ብይ ግን አያስገባም።

አየሩን መጫን

መግፊያውን ስበው 20 ላይ ያቁሙት። ላጲሱን በእስክሪብቶ ጫፍ ትንሽ ጎድጎድ ያድርጉትና የመርፌውን አፍ እዚያ ላይ ይትከሉ። በአንድ እጅ ቱቦውን ቀጥ አድርገው እየያዙ ሃይላንዱን መግፊያው ላይ ያስቀምጡ፤ እንዳይወድቅ ብቻ ደገፍ ያድርጉት እንጂ አይጫኑት። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ በፍጥነት የታመቀ አየር ስለሚሞቅ ወዲያው የተነበበው ቁጥር ከፍ ይላል።

አዲስ አበባ ውስጥ መግፊያው 10 ተኩል አካባቢ መቆም አለበት። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ላይ ያው ጠርሙስ የሚያወርደው ወደ 12 ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት የባህር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሲጀመርም የሳሳ አየር ቶሎ ይሸነፋል።

ቁጥሩ ካልመጣ ሁለት ምክንያት ይኖራል። አንደኛው ማፍሰስ ነው፦ ጠርሙሱን ሲያነሱ መግፊያው ወደ 20 ካልተጠጋ አየር በላጲሱ በኩል ሾልኳል፤ ጎድጓዳውን ያስተካክሉ። ሁለተኛው የመግፊያው ጎማ ከቱቦው ጋር ያለው ሰበቃ ነው፦ ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀምጠው አንድ ጊዜ ያንብቡ፣ ከዚያ በእጅ ትንሽ ዝቅ አድርገው ለቀው ሲቆም እንደገና ያንብቡ። የሁለቱ አማካይ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ነው።

ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ይዘት በግማሽ ይቀንሳል። ሮበርት ቦይል ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1662 ነው።

አሁን ብዩን ያስገቡ። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብይ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ከ20 ተነስተው ግፊቱን እጥፍ ቢያደርጉት መግፊያው የሚቆመው 10 ላይ ሳይሆን 11 ላይ ነው፤ ከቀረው 18 ሚሊ ሊትር አየር ግማሹ ሲጠፋ ብዩ ንቅንቅ አላለም።

ውሃውን መጫን

ብዩን አውጥተው የቀዘቀዘውን ውሃ እስከ 20 ይሳቡ። አፉን ወደ ላይ አድርገው ቱቦውን በጥፍር መታ መታ ያድርጉ፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቁት አረፋዎች ይሰበሰባሉ። ገፍተው ያስወጧቸው። ውሃውን ቀድሞ ማፍላት የሚያስፈልገው የሟሟው አየር ወጥቶ አረፋው እንዲቀንስ ነው። በላጲሱ ዘግተው ጠርሙሱን ያስቀምጡ።

ውሃው የሚቀንሰው ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሊትር ባነሰ መጠን ነው፤ የአንድ ጠብታ 80ኛ እጅ ቢሆን ነው። መግፊያው በዓይን የሚታይ ያህል ዝቅ ካለ ውሃው ታምቆ እንዳይመስልዎ፤ የመግፊያው ጎማ ተጨፍልቋል፣ ወይም አረፋ ቀርቷል።

ልዩነቱ ያለው ባዶ ቦታው ላይ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ በባህር ወለል ግፊት በ100 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 1,670 ሚሊ ሊትር እንፋሎት ይሆናል። አንድም ሞለኪዩል አልተጨመረም፤ የተጨመረው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፣ እሱም 12 እጥፍ ያህል። ጋዝን ስንጫን የምንቀንሰው ይህንኑ ባዶ ቦታ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ግን ሞለኪዩሎቹ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል፤ የበለጠ ሲገፏቸው ኤሌክትሮኖቻቸው ይገፋፋሉ። በጠጣር ውስጥ ደግሞ ከመጠጋጋትም አልፎ እያንዳንዱ በቦታው ታስሯል።

ቢሆንም «ውሃ ፈጽሞ አይታመቅም» የሚለው የክፍል ማስታወሻ ስህተት ነው። ወደ 220 ከባቢ አየር (የባህር ወለል የአየር ግፊት 220 እጥፍ) የሚደርስ ግፊት ውሃን በ1 ከመቶ ይቀንሰዋል፤ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጠልቀው የውቅያኖስ ወለል ላይ ደግሞ ወደ 5 ከመቶ ይታመቃል። ብረት ከውሃ 70 እጥፍ ያህል ይገትራል። ዳቦስ በእጅ ይጨበጥ የለም ወይ የሚል ቢኖር፣ ዳቦው ሲጨበጥ ከዓይኑ አየር ወጣ እንጂ የዳቦው አካል አልታመቀም።

የመጨረሻውን ሙከራ አይዝለሉት። 18 ሚሊ ሊትር ውሃና 2 ሚሊ ሊትር አየር አብረው ያስገቡና ይጫኑ። አረፋው ሲኮማተር ውሃው ባለበት ይቆያል፤ የእጅዎ ጉዞ ሁሉ አረፋው ላይ አለቀ። የተበላሸ ፍሬን ማለት ይኸው ነው። መስመሩ ውስጥ የቀረ 2 ሚሊ ሊትር አየር በ50 ባር ግፊት (የባህር ወለል የአየር ግፊት 50 እጥፍ ያህል) ወደ 0.04 ሚሊ ሊትር ይወርዳል፤ እግርዎ የገፋው ዘይት ሸራውን በመጫን ፋንታ ያንን ቦታ ሲሞላ ይውላል።

ከፍሬን መስመር አየር ማውጣት

ይህ ለዘይት ፍሬን ብቻ ነው፤ የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ሌላ ሥራ ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ታኮ ያድርጉ። ጎማ ካወጡ ክሪክ ላይ ብቻ አይመኑ፤ መደገፊያ ይጨምሩ። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳኑ ላይ በተጻፈው ዓይነት ይሙሉ። ብዙ ጊዜ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ክፍል) በጣም ከራቀው ጎማ ይጀመራል፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካለው ግን እሱ ይበልጣል። አንዳንድ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠር ሥርዓት) ያላቸው መኪኖች በኮምፒውተር ካልታገዙ አየሩን አይለቁም።

ከጎማው በስተጀርባ ያለውን ትንሹን የአየር ማውጫ ቡሎን ያግኙ፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ቁልፍ ይፈታዋል። ከዛገ አያስገድዱት፣ ይሰበራል። ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ቱቦ ይሰኩበትና ሌላውን ጫፍ ጥቂት ንጹህ የፍሬን ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ያጥልቁት። ረዳቱ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብሎ ረግጦ ይያዝ። ቡሎኑን ሩብ ዙር ይክፈቱ፤ ዘይትና አረፋ በቱቦው ሲያልፍ ይታያል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። ይዝጉ፤ «ልቀቅ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል፤ ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋግሙ፣ በየአምስት እርግጫው ማጠራቀሚያውን ይዩ። ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ ይጠቡ፤ የወጣውን ዘይት መልሰው አይጨምሩ።

አየር ከውጭ ሳይገባም ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርዱ እግርዎን ከፍሬን ካላነሱ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ የተፈጠረው እንፋሎትም ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ።

አየሩ ወጥቶም ፔዳሉ ከላላ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ረግጠው ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም የማስተር ሲሊንደሩ ጎማ አልቋል። ካልሰመጠ ግን እንደ ስፖንጅ ከሆነ ረዳቱ ሲረግጥ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጅ ይዳስሱ፤ ያረጀ ቱቦ እንደ መርፌው ጎማ ቅርጹን እየለወጠ ያብጣል።