ለተጠራጣሪ ሰው የክርስትናን እምነት በምክንያት ስለ ማስረዳት

ስለ እምነቱ የሚጠየቅ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል፤ አንዳንዱ «ይህ ዝም ብሎ የሚታመን ነገር ነው» ብሎ ጥያቄውን ይዘጋል፣ ሌላው ደግሞ የሰማውን መከራከሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጠያቂው ላይ ያወርድበታል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ ያዘዘው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ፣ መልሳችንም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ይፈልጋል። መዘጋጀት ማለት ማጥናት ነው፤ የዋህነት ደግሞ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ አለመናገርን ይጨምራል። ይህ ሁለተኛው ነገር በዕቅበተ እምነት ትምህርት (እምነትን በምክንያት የማስረዳትና የመከላከል ትምህርት) ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ፣ ከዚህ በታች በተደጋጋሚ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄው ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ማስረጃ የለም» የሚሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። አንዱ ከሚታየው ዓለም ውጪ ምንም ነገር የለም ብሎ ያምናል፤ ሌላው ፈጣሪ መኖሩን ሳይክድ ኢየሱስ ከሙታን መነሣቱን ይጠራጠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአማኞች እጅ የደረሰበት በደል እንጂ የፍልስፍና ችግር የለበትም። ለሦስተኛው ሰው ስለ አጽናፈ ዓለም አጀማመር ማስረዳት ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሌላ በደል ነው። ስለዚህ «ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብልዎ ሐሳብዎን እንደገና ይመረምሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን በትዕግሥት ማዳመጥ፣ ከዚያም የሰውየውን ተቃውሞ እርሱ ራሱ «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» በሚልበት መልክ መልሶ መናገር ይገባል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኵራብ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሚቀበሉ ሰዎች ጋር ስለ ነበር ከመጻሕፍቱ እየጠቀሰ ተነጋገረ፤ በአቴና በአርዮስፋጎስ ሲቆም ግን ለማይታወቅ አምላክ ከተሠራው መሠዊያና አድማጮቹ ከሚያከብሯቸው ባለቅኔዎች ጀመረ። መልእክቱ አንድ ሲሆን መነሻው ሁለት ነበር።

እግዚአብሔር መኖሩን ጨርሶ ለማይቀበል ሰው መነሻው የዓለም መኖር ራሱ ሊሆን ይችላል። ቤልጅየማዊው ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 አጽናፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን የሚያመለክት ጥናት አሳተመ፤ በ1965 ይፋ የሆነው፣ ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ የሚመጣው ደካማ ጨረር ግኝትም አጽናፈ ዓለም በአንድ ወቅት እጅግ የጋለና የታመቀ እንደ ነበረ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ። ይሁንና «ሳይንስ እግዚአብሔርን አረጋገጠ» ብሎ መናገር አይገባም። ሳይንስ የሰጠን ስለ ዓለም ጥንታዊ ሁኔታ ያለንን እውቀት ነው፤ መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት ይኖረዋል ወይ፣ ምክንያቱስ ምን ዓይነት ነው የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ ስለሆነ በፍልስፍናነቱ ሊቀርብ ይገባዋል። ሳይንስ እስካሁን ያልደረሰበትን ክፍተት እየፈለጉ እግዚአብሔርን እዚያ ማስቀመጥም ክፍተቱ በተዘጋ ቁጥር እምነትን ያሳፍራል። ስለ ግብረ ገብ ሲነሣም እንዲሁ ነው፤ የማያምን ሰው መልካም ሊሆን አይችልም ማለት ሐሰትም ስድብም ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ንጹሕን ሰው ማሠቃየት ማንም ቢስማማበት እንኳ ክፉ ከሆነ፣ ይህ ግዴታ መሠረቱ ምንድን ነው?

በእኔ አመለካከት ግን በዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከላይ ያሉት መከራከሪያዎች ቢሳኩ እንኳ የሚያደርሱት ወደ አንድ ፈጣሪ እንጂ ወደ ክርስትና አይደለም። ጳውሎስ «ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ሲል እምነቱን በሙሉ በአንድ የታሪክ ድርጊት ላይ አቁሞታልና፣ ዋናው ድካምም በዚያ ላይ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ አዲስ ኪዳንን ተጠራጣሪው በሚቀበለው መንገድ፣ ማለትም እንደ ማንኛውም ጥንታዊ ሰነድ፣ ማቅረብ ነው። ከወንጌሎች ይልቅ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ከቁጥር 3 እስከ 8 መጀመር የተሻለ ይመስለኛል፤ መልእክቱ የጳውሎስ ስለ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ ይህ ነው የሚባል ክርክር የለም፣ የተጻፈውም እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ፣ ከስቅለቱ በኋላ ከ20 እስከ 25 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። በዚያም ጳውሎስ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን እንደ ሞተ፣ እንደ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ተነሣ፣ ለኬፋ (ለጴጥሮስ) እና ለዐሥራ ሁለቱም እንደ ታየ ሲጽፍ፣ ይህን እርሱ ራሱ ከሌሎች ተቀብሎ እንዳስተላለፈው ይናገራል። የተቀበለው ከማን ሊሆን እንደሚችልም የገላትያ መልእክት ይጠቁመናል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በኬፋ ዘንድ 15 ቀን ተቀምጧል፣ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል። ስለዚህ ትንሣኤው ከብዙ ትውልድ በኋላ ቀስ በቀስ ያደገ አፈ ታሪክ ነው የሚለው ሐሳብ በጊዜው አቆጣጠር ይሰናከላል።

ከክርስቲያኖች ውጪ ያሉትን ምስክሮች መጥቀስም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በልካቸው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ116 ገደማ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በገዥው በጲላጦስ እንደ ተገደለ ጽፏል። አይሁዳዊው ዮሴፈስ በ93 ወይም በ94 በጨረሰው የታሪክ መጽሐፉ «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም» ያዕቆብ በድንጋይ እንዲወገር እንደ ተፈረደበት ይተርካል። በዚሁ መጽሐፍ ስለ ኢየሱስ የሚናገረው ረዘም ያለ ክፍል ግን የክርስቲያን ገልባጮች እጅ እንደ ገባበት አብዛኞቹ ሊቃውንት ስለሚስማሙ፣ ሳይገለጽ እንዳለ መጥቀስ አይገባም። በ1961 በቂሳርያ የተገኘው የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም ጲላጦስ የይሁዳ ገዥ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ስለ ትንሣኤው የሚናገረው ነገር የለም።

ቀጥሎ፣ አማኝ ያልሆኑ ሊቃውንት እንኳ በብዛት የሚቀበሏቸውን ነጥቦች አንድ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኢየሱስ በስቅላት ሞቷል፤ ተከታዮቹ ብዙ ሳይቆዩ ሕያው ሆኖ እንዳዩት ከልባቸው አምነዋል፤ አሳዳጅ የነበረው ጳውሎስ ተለውጧል፤ በማርቆስና በዮሐንስ ወንጌል እንደምናነበው ቤተ ዘመዱና ወንድሞቹ ያላመኑበት ቢሆንም፣ ያዕቆብ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኗል። ባዶው መቃብር ላይ ያለው ስምምነት ያነሰ መሆኑን ሳይደብቁ፣ አራቱም ወንጌሎች የመጀመሪያ ምስክሮች አድርገው ሴቶችን ማቅረባቸውን ማንሣት ይቻላል፤ በዚያ ዘመን የሴቶች ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ዮሴፈስ ራሱ ጽፏልና፣ ታሪኩን ለማሳመን ሲል የሚፈጥር ሰው ሴቶችን ባላስቀደመ ነበር። ከዚህ በኋላ ተጠራጣሪውን ራሱን «እነዚህን ሁሉ በአንድነት የሚያብራራው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሥጋው ተሰርቋል ማለት ባዶውን መቃብር ቢያብራራ የጳውሎስን መለወጥ አያብራራም፤ ያዩት ቅዠት ነው ማለት የጴጥሮስን ሐዘን ቢነካ፣ ለቡድን የታየውንና ጠላት ያየውን አይነካም።

አንድ በጣም የተለመደ መከራከሪያ ግን መታረም አለበት፤ «ሐዋርያት ሁሉ ስለዚህ እምነት ሞተዋል፣ ስለ ሐሰት ደግሞ የሚሞት የለም» የሚለው። ሰው ስለ ሐሰት ሊሞት ይችላል፣ እውነት ከመሰለው። ከዚህም በላይ የአብዛኞቹ ሐዋርያት አሟሟት የተመዘገበው ዘግይተው በተጻፉ ትውፊቶች ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ያለው ስለ ጴጥሮስ፣ ስለ ጳውሎስ፣ ስለ ዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብና ስለ ጌታ ወንድም ያዕቆብ ነው። ስለዚህ ማለት የሚቻለው ይህ ነው፦ የዓይን ምስክር ነን ያሉ ሰዎች የመሰከሩትን ከልባቸው ያምኑ ነበር። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የአታላዮች ሤራ ነው የሚለውን ያስወግዳልና።

ሰውየው «ተአምር ሊሆን ስለማይችል ሌላ ማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል» ካለ፣ ክርክሩ ስለ መቃብሩ መሆኑ አብቅቷል፤ ወደ እግዚአብሔር መኖር ጥያቄ መመለስ አለበት። እግዚአብሔር ካለ ትንሣኤ የማይቻል አይሆንም፤ ከሌለ ደግሞ ምንም ያህል ምስክር አይበቃውም። ይህን በግልጽ መነጋገር ለሁለቱም ወገን ድካም ይቀንሳል።

ስለ ቅጂዎች ሲጠየቅ አጭር መልስ ይበቃል። የአዲስ ኪዳን የግሪክኛ የእጅ ጽሑፎች ከ5,000 በላይ ቢሆኑም አብዛኞቹ ከመካከለኛው ዘመን የመጡ ናቸው፤ የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻ 12 ቁጥሮችም በጥንታዊዎቹ ምርጥ ቅጂዎች አይገኙም። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሰው በኋላ አይያዝበትም፤ ልዩነቶቹ የሚታወቁት ቅጂዎቹ ብዙ ስለሆኑና ስለሚነጻጸሩ እንደ ሆነም ማስረዳት ይችላል።

መከራን በተመለከተ የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ ከክፋት ጋር ፈጽሞ አብሮ ሊኖር አይችልም የሚለውን የአመክንዮ ክስ አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ጆን ማኪ በ1955 አቅርቦት ነበር፤ አሜሪካዊው ክርስቲያን ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ በ1970ዎቹ በነጻ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ከሰጠው መልስ በኋላ ግን ብዙ ፈላስፎች፣ የማያምኑትም ጭምር፣ ክሱ በዚያ መልኩ እንደማይጸና ተቀብለዋል። ይህን ያህል መከራ ግን አምላክ መኖሩን አጠራጣሪ ያደርገዋል የሚለው ሁለተኛው ክስ እስከ ዛሬ ክብደት አለው፣ ክብደቱንም ማቃለል አይገባም። ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠይቅ ደግሞ ፍልስፍናው ይቆይ። የኢዮብ ወዳጆች ለመከራው ምክንያት በመደርደራቸው በመጨረሻ በእግዚአብሔር ዘንድ ተወቅሰዋል። ክርስቲያን በዚያ ሰዓት ሊናገር የሚችለው፣ የሚያምንበት አምላክ መከራን ከሩቅ የተመለከተ ሳይሆን በመስቀል ላይ የገባበት መሆኑን ነው፤ ይህንንም ሰውየው ለመስማት ሲፈቅድ ብቻ።

በክርስቲያኖች ስለ ተፈጸመ ግፍ ሲነሣ መሟገት አያስፈልግም፤ ግፉ ግፍ ነው፣ የሚለካበትም መስፈርት ኢየሱስ ራሱ ያስተማረው ነው።

ለአንድ ቀን አንድ ጥያቄ ይበቃል። መልሱን ለማያውቁት ጥያቄ «አላውቅም፣ አጥንቼ እመለሳለሁ» ብሎ በቃል መጽናት፣ ከፈጠራ መልስ እጅግ ይበልጣል። የተጠራጣሪው መከራከሪያ ጠንካራ ሲሆንም ጠንካራነቱን መመስከር ተገቢ ነው። ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከአራቱ አጭር የሆነውንና 16 ምዕራፎች ያሉትን የማርቆስን ወንጌል በራሱ ጊዜ እንዲያነብብ፣ የሚጠራጠርበትንም ቦታ ሁሉ ምልክት እንዲያደርግበት መጋበዝ ይቻላል፤ ቀጣዩ ውይይትም እርሱ ምልክት ካደረገበት የመጀመሪያ ቦታ ይጀመራል።