የአክስቴን ቀሚስ ሳልፈታ እንዴት እንደቀዳሁት

ትንሽ የሴቶች ልብስ መለያ አለችኝ፤ አለቃዋም ሠራተኛዋም እኔ ነኝ። የተነሳችው ከአክስቴ ቀሚስ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ክብ ነጭ ኮሌታ፣ የተነፋ እጅጌ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን፣ ከጀርባው በጨርቅ የተለበጡ ስምንት ቁልፎች፣ ጫፉ ላይ ዳንቴል። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተቀምጬ የዚያን ኮሌታ ጫፍ እያኘክሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ናሙና ስሰፋ ከዚህ ሁሉ አንድም አልተውሁም። ለብሳ የሞከረችልኝ ጓደኛዬ መስታወት ፊት ቆማ ጥቂት ዝም አለችና «ቴአትሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀሚስ ውስጥ ከአንድ በላይ ትዝታ አላስገባም። የቀረው ዛሬ ለምትራመድ፣ ለምትቀመጥ፣ ዕቃ ለምታነሳ ሴት ይሠራል።

የቱን ትዝታ እንደምትይዢ ካላወቅሽ ይህን አድርጊ፦ ቀሚሱን ሌላ ክፍል አስቀምጪውና በአንድ ደቂቃ ውስጥ በቃልሽ ሳይው። መጀመሪያ የሳልሽውን እሱን ያዢ። የእኔ እጅ መጀመሪያ የሳለው ኮሌታውን ነው፤ ዳንቴሉን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ይህ ዓይነቱ ክብ ኮሌታ በውጭ የፒተር ፓን ኮሌታ ይባላል፤ ስሙ የወጣለት ተዋናይቷ ሞድ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1905 ኒው ዮርክ ውስጥ በቴአትር ፒተር ፓንን ሆና ስትጫወት ከለበሰችው ልብስ ነው። ጓደኛዬ ሳታውቀው እውነቷን ነበር ማለት ነው።

ቀሚሱን ሳትፈቺ መቅዳት

የድሮ ልብስ አይተረተርም፤ ቢያንስ እኔ አንጀቴ አይችልም። ብርድ ልብስ አጥፈሽ ጠረጴዛ ላይ አንጥፊ፣ በላዩ ትልቅ ወረቀት ዘርጊ። ቀሚሱን ካውያ አስነኪውና አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ለምሳሌ የፊቱን ግማሽ፣ ወረቀቱ ላይ አስተኚ። ከዚያ ስፌቱን እየተከተልሽ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ስፒሉን ቀጥ አድርገሽ ውጊ። አንገትና ብብት ላይ፣ መስመሩ ስለሚዞር፣ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ይሁን። ጨርቁን ስታነሺው ወረቀቱ ላይ የቀዳዳ መስመር ታገኛለሽ፤ በእርሳስ አገናኚው።

ከመውጋትሽ በፊት የጨርቁ ክር ቁልቁል የሚወርድበትን አቅጣጫ ፈልጊና በሌላ ቀለም ክር፣ በረጅም ስፌት፣ አስምሪበት። ያንኑ መስመር ወረቀቱ ላይም አስቀምጪ። ይህን ከዘለልሽ ቁራጩ ወረቀት ላይ ትክክል ይመስልና ሲሰፋ ይጣመማል።

ከሁለቱ ጎን ያላረጀውን ቅጂ። አክስቴ ቦርሳዋን ሁልጊዜ በቀኝ ታንጠለጥል ስለነበር የቀኙ ትከሻ ከግራው በ8 ሚሊ ሜትር ረዝሞ አገኘሁት። አንገቱንም አትመኚው፤ የአንገት ዙሪያ ከፊሉ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ በዓመታት ብዛት ይለጠጣል። ቀድተሽ ስትጨርሺ የፊቱን የትከሻ መስመርና የጀርባውን አስተያዪ። የጀርባው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ግድ የለም፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን እንደገና ለኪ። ለስፌት የሚተወውን 1.5 ሳንቲ ሜትር የምትጨምሪው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንገቱና ኮሌታው 1 ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ወገቡ። ፈረንሳዊው የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1947 ባሳየው ስብስብ ቀጭን ወገብና ሰፊ ጉርድ ፋሽን ሆነ፤ ያ ወገብ ግን ከሥር በጠንካራ ማሰሪያ የታገዘ ነበር። ያንን ቅርጽ የወረሰ ቀሚስ እንዳለ ስትቀጂው አንቺ የምትቀጂው ከሥሩ የነበረውን ማሰሪያ ጭምር ነው። ስለዚህ የለባሿን ገላ ለኪና ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ 8፣ ወገብ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሪ።

ብብቱን ግን አደራ። የድሮ ቀሚስ ብብት ወደ ላይ የተጠጋ ነው፣ ጀማሪ ሲያየው የጠበበ ይመስለውና ዝቅ ያደርገዋል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ብብቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ክንድ ሲነሳ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። እኔ ስፋቱን ከጎን ስፌት ላይ እጨምራለሁ እንጂ ብብቱን በግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ ለማውረድ አምስቴ አስባለሁ።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ በአቡጀዲ ስፊው። የለበሰችው ሴት ሁለት እጇን ታንሳ፣ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ የጫማዋን ክር ጎንበስ ብላ ትሰር። የሚይዛትን ቦታ ራሱ አቡጀዲው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። መስታወት ፊት መቆም ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ኮሌታው

እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ ትዝታው ያለው እዚህ ነው።

ለስፌት የተተወውን ሳትቆጥሪ የፊቱንና የጀርባውን ወረቀት በትከሻ በኩል አጋጥሚ። አንገቱ ጋ ነጥብ ለነጥብ ይገናኙ፤ እጅጌው በኩል ግን አንዱ በሌላው ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። የኮሌታውን ቅርጽ በዚህ በተደረበው ላይ ሳይ። ሳይደረብ የተሳለ ኮሌታ ዝርግ ሆኖ ይተኛና የአንገቱን ስፌት ያጋልጣል። ሲደረብ ውጫዊ ጠርዙ ያጥራል፣ ኮሌታውም አንገት ጋ ትንሽ ቀና ብሎ ይታጠፍና ስፌቱን ይሸፍነዋል። የአክስቴ ኮሌታ ለምን «ሕይወት ያለው» እንደሚመስል ለሁለት ወር ያልገባኝ ይህቺ 1.5 ሳንቲ ሜትር ነበረች።

ስፋቱን 6.5 ሳንቲ ሜትር አድርጊ። እኔ ተጫዋች እንዲሆን ብዬ 10 አድርጌው የሕፃን ለሃጭ መያዣ ሆኖ አረፈው።

የታችኛውን ሽፋን ከላይኛው በውጫዊ ጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አሳንሰሽ ቁረጪ፤ ስፌቱ ወደ ሥር ይሳባል፣ ከላይ አይታይም። ዙሪያውን ስትሰፊ የመኪናውን እርምጃ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር አሳጥሪ፤ ረጅም እርምጃ ክቡን ማዕዘን ማዕዘን ያደርገዋል። ከዚያ ትርፉን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ከርክሚና ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጥሽ አውጪ፣ ክሩን ሳትነኪ። ሳትገለብጪው በፊት ስፌቱን በካውያ ተጫኚው። በመጨረሻ ግራና ቀኙን ደራርበሽ ወደ መስኮት ብርሃን ያዢ። አንዱ ከሌላው ካለፈ ደንበኛዋ ምን እንደሆነ ባታውቅም ዓይኗ ይረበሻል፤ ፍቺውና እንደገና ስፊ።

ጨርቅና የቀረው

ጨርቁን ሳታጥቢ አትቁረጪ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ለኪ፣ ደንበኛዋ እንደምታጥበው እጠቢው፣ ሲደርቅ እንደገና ለኪ። 48 ከሆነ 4 በመቶ ገብቷል፤ 110 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቀሚስ ላይ ይህ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ከጉልበት በታች የነበረ ጫፍ ከጉልበት በላይ ለመውጣት ይበቃዋል።

ለሽንሽኑ ፖፕሊን ከሆነ የወገቡን እጥፍ ቁረጪ፣ ስስ ቮይል ከሆነ እስከ ሦስት እጥፍ ይሸከማል። በ4 ሚሊ ሜትር እርምጃ ሁለት መስመር ሰፍተሽ ክሮቹን አንድ ላይ ሳቢ። በአንድ መስመር የሚስቡ አሉ፤ ሽንሽኑ ይጋደምባቸዋል።

የጀርባ ቁልፎቹን ወደ ፊት አዛወርኳቸው። አክስቴ ስትለብስ ከኋላዋ የሚቆልፍላት ሰው አልጠፋም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ግን በጠዋት ማንን ትጠራለች? እጅጌው ቀለል ብሏል፣ ዳንቴሉ የለም። ለልኮቹ በደረት፣ በወገብና በዳሌ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ እየጨመርሁ አሳድጋለሁ፣ ኮሌታው ግን በሁሉም ልክ ስፋቱን ይጠብቃል። ሦስት የተለያየ ገላ ያላቸው ሴቶች ለብሰው ሳይሞክሩት ከአንድ በላይ አልቆርጥም፤ ከዚያም በአንድ ዙር አምስት ብቻ።

ቀልዱን ኪስ ውስጥ ደብቂው። ከላይ ያለ ቀልድ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፣ ከውስጥ ያለውን የምታውቀው ለባሿ ብቻ ናት። በጎን ስፌቱ ላይ አፉ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪስ እከፍትና ገበሩን ከነጠብጣቡ ቁርጥራጭ እሠራዋለሁ። ውስጡ ላይ በቀይ ክር «ቁልፍሽን አልረሳሽም?» ብዬ እጠልፋለሁ፣ ከጽሑፉ በታች አንድ መለዋወጫ ቁልፍ እሰፋለሁ። አንዲት ደንበኛ ከገዛች ከሰባት ወር በኋላ ደወለችልኝ፤ በር ላይ ቆማ የቤቷን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ስትፈልግ እጇ ያንን የልብስ ቁልፍ ነካ፣ ገልብጣ አነበበችው። የቤቱ ቁልፍ ግን ውስጥ ቀርቶ ነበር።