የአላስካን አውራ ጎዳና ከጓደኞች ጋር በአርቪ ለመጎብኘት

ከካናዳዋ ዶውሰን ክሪክ ከተማ ተነስቶ፣ የዩኮንን ግዛት አቋርጦ አላስካ ውስጥ ዴልታ ጀንክሽን ላይ የሚያበቃው የአላስካ አውራ ጎዳና 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አልጋና ምድጃ፣ ሽንት ቤትም ጭምር ባለው አርቪ በሚባለው መኪና ይህን መንገድ ለመጓዝ የሚያስቡ ጓደኛሞች ዕቅዳቸውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ኪሎ ሜትሩን ለዕረፍት ቀናቸው በማካፈል ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚያው ላይ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሌሊት የምታድሩባቸውን ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በቀን ከ350 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ጉዞ ሸንሽኑት። ቀናቱ ካልበቁ ከመንገዱ ቀንሱ እንጂ ከማረፊያው አትቀንሱ።

መኪናውን ስትከራዩ «ስድስት ሰው ያስተኛል» የሚለው ቃል እንዳያዘናጋችሁ፤ አልጋው ስድስት ቢሆን እንኳ የደህንነት ቀበቶው አራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቀበቶዎቹን ቁጠሩ። ውሉ ድንበር መሻገርን የሚፈቅድ መሆኑን፣ ጠጠር ለሚሰነጥቀው የፊት መስታወት ኃላፊው ማን እንደሆነና ቢያንስ ሁለት ሹፌሮች መመዝገባቸውን አረጋግጡ። መንገዱ በአብዛኛው አስፋልት ቢሆንም በየበጋው ጥገና ስለማይለየው፣ ጠጠር ላይ የምትነዱበት ጊዜ መኖሩ አይቀርም።

ወዳጅነትን የሚፈትነው መንገዱ ሳይሆን የፍሳሽ ታንኩ ነው። ማን መቼ እንደሚደፋው ከመነሳታችሁ በፊት በተራ መድቡ፤ አለዚያ ሥራው በአንድ ትዕግሥተኛ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፣ እሱም ሦስተኛው ቀን ላይ ማኩረፉ አይቀርም። ጓንት አድርጋችሁ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውንና የዕቃ ማጠቢያውን ድፉ፤ ሁለተኛው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። ለነዳጅና ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ከሁሉም ሰብስባችሁ አንድ ሰው ይያዘው፤ በየማደያው ሂሳብ መተሳሰብ ያሰለቻል። በማደያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ የነዳጁ ታንክ ግማሽ ሲደርስ መቅዳት ይበጃል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ በዩኮን ዋና ከተማ በዋይትሆርስ ፀሐይ በቀን ወደ 19 ሰዓት ገደማ ስለማትጠልቅ፣ ሹፌሩ መሽቷል ብሎ የሚያቆምበት ምክንያት ያጣል። የማቆሚያውን ሰዓት በሰማዩ ሳይሆን በሰዓታችሁ ወስኑ፤ ለመኝታም የዓይን መሸፈኛ ያዙ።

ለመጀመሪያው ረጅም ማረፊያ የምመርጠው ከዶውሰን ክሪክ 765 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን የሊያርድ ወንዝ ፍል ውሃ ነው። በበጋ የማደሪያ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድማችሁ አስይዙ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፍል ውሃው ድረስ፣ ሞቃት ረግረግ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ በማለዳ ብትሄዱ እንፋሎቱ ከዛፎቹ መካከል ሲነሳ ታያላችሁ፣ ሙስ የተባለው ግዙፉ የአጋዘን ዘር ረግረጉ ውስጥ ቆሞ ሲግጥ ልታገኙትም ትችላላችሁ። የውሃው ሙቀት ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑ፣ ከታችኛው ጫፍ ገብታችሁ ሰውነታችሁ እስከቻለ ድረስ ወደ ምንጩ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። ጓደኛ ሊያሳይ ቸኩሎ በላይኛው በኩል የሚገባ ሰው ጮኾ ይወጣል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። በዚህ አካባቢ ባይሰን የሚባሉት የአሜሪካ ጎሾች መንገዱ ዳር ስለሚተኙ፣ ሲመሽም ሲነጋም ፍጥነት ቀንሱ። ድብ ስታዩ ከመኪናው አትውረዱ፤ ምግብና ቆሻሻም ውጭ አታሳድሩ።

በዩኮኗ ዋትሰን ሌክ ከተማ ያለው የምልክት ሰሌዳዎች ጫካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ ካርል ሊንድሊ የተባለ አሜሪካዊ ወታደር የመንገድ ምልክት ሲጠግን በኢሊኖይ ወዳለችው የትውልድ ከተማው ወደ ዳንቪል የሚያመለክት ሰሌዳ ጨምሮ አቆመ፤ ዛሬ ከ80,000 በላይ ሰሌዳዎች አሉበት። የሁላችሁም ስም ያለበት ሰሌዳ ከቤት አዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ ምስማርና መዶሻም አትርሱ። ጎዳናውን በዚያው ዓመት በስምንት ወር ገደማ ከጠረጉት ከ10,000 በላይ ወታደሮች መካከል ሲሶ የሚሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከሁለት አቅጣጫ ሲሠሩ የነበሩት ክፍሎች ጥቅምት ወር ላይ ቢቨር ክሪክ አጠገብ ሲገናኙ፣ ከአንዱ ወገን የመጡት ከጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ነበሩ። ይህን ታሪክ ከጓደኞቻችሁ አንዱ አንብቦ ቢመጣና ሌላው ሲነዳ ቢተርከው፣ ረጅሙ የደን መንገድ ያጥራል።

ሁለተኛው ረጅም ማረፊያ ክሉዌኒ ሐይቅ ይሁን። 5,959 ሜትር ከፍታ ያለው የካናዳ ትልቁ ተራራ ሎጋን ከሐይቁ አጠገብ ባለው በክሉዌኒ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቢሆንም ከጎዳናው አይታይም፤ እሱንና የበረዶ ሜዳውን ለማየት ከሄይንስ ጀንክሽን የሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን መከራየት ያስፈልጋል፣ ወጪውን ለመካፈልም ከጓደኛ ጋር መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካስካውልሽ የበረዶ ግግር በመሸሹ ሐይቁን የሚመግበው ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሯል፤ ነፋስ በሚነሳበት ቀን ከደረቀው የወንዙ ወለል የሚቦነውን አቧራ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

በዚሁ ሐይቅ ዳር ካለችው ዴስትራክሽን ቤይ እስከ ቢቨር ክሪክ ያለው መንገድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሥሩ ያለው ከርሰ ምድር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆይ በመሆኑና በረዶው በቀለጠበት ስፍራ መሬቱ ስለሚሰምጥ፣ አስፋልቱ እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል። የጓዳውን መሳቢያዎች ሁሉ ቆልፉ፤ እኛ አንዱን ረስተን፣ ሩዝና ስኳር ወለሉ ላይ ተደባልቀው ግማሽ ቀን ስንጠርግ ውለናል። ከቢቨር ክሪክ ቀጥሎ ያለው የአሜሪካ ድንበር በመሆኑ ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ለሌላ አገር ዜጎች የሚያስፈልገው ቪዛ ለየአገሩ መጠየቅ ያለበት ከጉዞው ወራት አስቀድሞ ነው። ድንበሩን ስትሻገሩ በበጋ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ። ጎዳናው የሚያበቃበት የ1422ኛው ማይል ምልክት ዴልታ ጀንክሽን ላይ ቆሟል፤ ፎቶ ስትነሡ አርቪውን ከኋላችሁ አቁሙት፣ ጭቃውንም አስቀድማችሁ አትጠቡት።