የቀበሮው የኮሶ ትል፦ ራሳችሁንና ውሻችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ

ደቡብ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ ወይም ኦስትሪያ የምትኖሩ፣ በተለይ ውሻ ያላችሁ ወይም ጓሮ አትክልት የምትተክሉ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እዚያ ቀበሮ የጫካ እንስሳ ብቻ አይደለም። ዙሪክን በመሰሉ ከተሞች ማታ ማታ በየግቢው ይዞራል። (የሰሜንና የባሌው ቀይ ቀበሮ ሌላ እንስሳ ነው፣ አታምታቱት።) አንጀቱ ውስጥ ኤኪኖኮከስ መልቲሎኩላሪስ የሚባል የኮሶ ትል ሊኖር ይችላል። ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን የምናውቀው ኮሶ ሜትሮች ይረዝማል፤ ይሄኛው ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሩዝ ፍሬ ያጥራል። ክፉው ግን ይሄኛው ነው።

ሰውን የሚይዘው ከሥጋ ሳይሆን እንቁላሉን ሲውጥ ነው። እንቁላሉ ከቀበሮ እዳሪ ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ የሜዳ አይጥ ከሣር ጋር ትበላዋለች፣ ጉበቷ ውስጥ ያድጋል፣ እሷን ደግሞ ሌላ ቀበሮ ወይም ውሻ ይበላታል። ሰው በስህተት በአይጧ ቦታ ከገባ ትሉ ጉበቱ ላይ እንደ ካንሰር ቀስ እያለ ይሰራጫል፤ ምልክት እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያልፋል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በሽታው ብርቅ ነውና አትደንግጡ፤ መከላከያው ግን ቀላል ስለሆነ ችላ አትበሉት።

መጀመሪያ ከውሻው ጀምሩ። አይጥ የሚያድን ውሻ ካላችሁ በየ4 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ስጡት። በየ4 ሳምንቱ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሻ የታመመች አይጥ ከበላ በኋላ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቀድማችሁት ትገድሉታላችሁ። ማሸጊያው ላይ ፕራዚኳንቴል የሚል ፈልጉ፤ የትል መድኃኒት ሁሉ ይህን ትል ይገድላል ማለት አይደለም። ውሻው ጤነኛ መስሎ መታየቱ አያዘናጋችሁ፣ ትሉ ውሻውን ብዙም አያሳምመውም። ወደ እንግሊዝ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱን መውሰድ ግዴታው ነው፤ ትሉ እዚያ ስላልገባ እንዳይገባ ነው የሚጠነቀቁት።

ቀጥሎ እጃችሁ። ውሻ ከዳሰሳችሁ፣ አፈር ከነካችሁ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። የአልኮል ማጽጃ እዚህ ላይ አይረዳም፣ እንቁላሉን አይገድለውም። ልጆች ከውሻ ጋር ተጫውተው በዚያው እጃቸው ዳቦ እንዳያነሱ አደራ።

ከዚያ ወጥ ቤት። ሰላጣና እንጆሪ በሚፈስ ውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። እኛ ቤት የተለመደው አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ በቂ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። ፍሪዘር ላይም እንደዚያው። ይህን ለመረዳት ተመራማሪዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ይበቃል፦ የሞተ ቀበሮ ላቦራቶሪ ሲደርስ ወዲያው አይከፍቱትም። መጀመሪያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ለቀናት ያስቀምጡታል፣ ምክንያቱም ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ ማለትም በቤታችን ፍሪዘር፣ እንቁላሉ አይሞትም። ከዚያ በኋላ ነው አንጀቱን ሰንጥቀው ግድግዳውን የሚያጥቡት፤ እጣቢው ሲረጋ ከላይ ያለውን ውሃ ያፈሳሉ፣ ደግመው ይጨምራሉ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። የቀረውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ እያዩ ትሉን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። እንግዲህ እነሱ ያን ያህል ከተጠነቀቁ እናንተ የጫካ ፍሬ ፍሪዘር ከታችሁ ንጹሕ ሆነ አትበሉ። ሙቀት ግን ይገድለዋል፤ የፈላ ነገር አያሳስብም። ማርማላታ ሥሩበት።

በነገራችን ላይ ጀርመን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስፈራራው በጫካ ፍሬ ነው። ሕመምተኞችን ከጤነኞች ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች ግን ደጋግመው የሚያነሱት ውሻን፣ የእርሻና የሜዳ ሥራን ነው፤ የፍሬው ጉዳይ በግልጽ አልተረጋገጠም። እኔ ብሆን ጉልበቴን ውሻው ላይ ነው የማውለው።

መንገድ ላይ የሞተ ቀበሮ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩ። ግቢያችሁ ለሚመጣ ቀበሮም ምግብ አታስቀምጡ። ዙሪክ ላይ ተመራማሪዎች ፕራዚኳንቴል ያለበት ማባበያ በየወሩ በተመረጡ ቦታዎች እየበተኑ በእዳሪው ውስጥ የሚገኘውን ትል በጣም ቀንሰውታል፤ ይሄ ግን የከተማ አስተዳደር ሥራ እንጂ በግል የሚሞከር አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሰጋው የዚህ ትል ዘመድ፣ ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ነው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይሠራል። ስለዚህ ለበዓል ስታርዱ እንዲህ ያለ ሳንባ ወይም ጉበት ካገኛችሁ ለውሻ አትወርውሩ፤ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት።

በመጨረሻ ሐኪም። ውሻችሁ ትሉ ከተገኘበት ወይም ሌላ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አለ። ቶሎ ከተደረሰበት የተጎዳው ክፍል በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ከዚያ ቢያንስ ለ2 ዓመት አልቤንዳዞል ይወሰዳል። አዎ፣ ትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው ያው አልቤንዳዞል ነው፤ እዚህ ግን ትሉን እንዳያድግ ይይዘዋል እንጂ ሁልጊዜ አይገድለውም፣ ቀዶ ሕክምና የማይቻልላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱት ለዚህ ነው።