እርጥብ የድንጋይ ከሰል ሲደርቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከደቡብ አፍሪካ ያስመጡት የነበረውን የድንጋይ ከሰል በሀገር ውስጥ ምርት መተካት ከጀመሩ ወዲህ፣ እርጥበት የአምራቹም የገዢውም ራስ ምታት ሆኗል። ሊግናይት የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከሰል ከክብደቱ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። ማድረቁ ተገቢ ነው፤ አደራረቁ ላይ ግን ብዙ ይበላሻል።

ከሰልን በከሰል ማድረቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2.3 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይጠፋል፤ ውኃው በማድረቂያውም ተነነ በዋናው ምድጃ፣ ወጪው ያው ነው። ሌላ እሳት አንድዶ የሚያደርቅ ሰው ነበልባሉን ያጠነክር ይሆናል እንጂ ነዳጅ አልቆጠበም። ትርፍ የሚገኘው በከንቱ ከሚባክን ሙቀት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ የሚገኘው የኮል ክሪክ ኃይል ማመንጫ በራሱ ተረፈ ሙቀት የሊግናይቱን እርጥበት ከ38 ወደ 29 በመቶ ገደማ አውርዷል። ልብ በሉ፣ ወደ ዜሮ አይደለም።

ኦክስጅንን መርሳት

በሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰሉ የሚደርቀው እየተፈጨ ነው። ለዚህ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ይመረጣል፤ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነውና። ከክሊንከር (ከምድጃው ግሎ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) ማቀዝቀዣ የሚመጣው ትኩስ አየር ግን 21 በመቶ ኦክስጅን ይዟል። በቶሎ ከሚቀጣጠል የሊግናይት ብናኝ ጋር ሲገናኝ ለፍንዳታ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። የጭሱ ሙቀት ባነሰ ቁጥር ያለ በቂ ቁጥጥር ወደዚህ አየር መሮጥ ቁማር ነው።

ትኩሱን መከመር

ሳይቀዘቅዝ የተከመረ ደረቅ ከሰል ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ከውስጥ ይግላል፤ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ዝናብም አያበርደውም፤ የደረቀ ሊግናይት መልሶ ሲርስ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ማቀዝቀዝ፣ ክምሩን ዝቅ አድርጎ መጠቅጠቅ፣ ከዝናብ መከለል፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። የክምሩን ውስጣዊ ሙቀት ሳይለካ ሽታ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

ጨርሶ ማድረቅ

ከልክ በላይ የደረቀው ይፈረካከሳል፣ ብናኙ ይበዛል፣ ከአየሩም እርጥበት መልሶ ይስባል።

አመዱ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ

40 ኪሎ ውኃና 12 ኪሎ አመድ ያለበት 100 ኪሎ ከሰል እርጥበቱ 10 በመቶ እስኪሆን ቢደርቅ 67 ኪሎ ያህል ይቀራል። አመዱ ያው 12 ኪሎ ነው፤ ድርሻው ግን 18 በመቶ ደረሰ። አመድ የሚያስቀንሰው እጥበት ነው፤ እሱ ደግሞ በተራው ውኃ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ይደርቃል። የሙቀት ዋጋው (አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት) በእርጥቡ ወይስ በደረቁ ክብደት እንደተሰላ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ፣ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ከሰሎች ነው።